ነፃውም የሚከፈልበትም፦ የቢሮ ኤአይ ረዳቶችን በራሳችን ወረቀት ስንፈትን

ጥቅምት 2018 ዓ.ም፣ አዲስ አበባ

ሰኞ ጠዋት

ሥራ አስኪያጃችን ያቀረቡልኝ ጥያቄ አጭር ነው፦ «ለዚህ ኤአይ ገንዘብ እናውጣ ወይስ ነፃው ይበቃናል?» እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ። ቢሯችን ሒሳብ አያያዝና ማማከር ላይ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ነው። ከሠራተኛው ግማሹ በግል ስልኩ ነፃ ረዳት ከፍቶ ደብዳቤ ያስረቅቃል፣ ግማሹ ደግሞ ነገሩን ጨርሶ አያምነውም። ሁለቱም ወገን የየራሱን ገጠመኝ እያነሣ ይከራከራል እንጂ አንድ ላይ ተቀምጦ የተፈተነ ነገር የለም።

ያገኘኋቸው ንጽጽሮች በሙሉ በእንግሊዝኛ ኢሜይልና በፈረንጅ ቀን የተሠሩ ናቸው። እኛ ግን ደብዳቤ የምንጽፈው በአማርኛ ነው፣ ቀን የምንቆጥረው በመስከረምና በጳጉሜን ነው፣ ፔሮል የምንሠራው በአገራችን የግብር ሠንጠረዥ ነው። ስለዚህ ፈተናው ከራሳችን መደርደሪያ መውጣት አለበት ብዬ ወረቀት መሰብሰብ ጀመርኩ፦ የአንድ ወር ፔሮል፣ ገቢና ወጪ ደብዳቤዎች፣ አንድ ቃለ ጉባኤ፣ አንድ የኪራይ ውል፣ ለደንበኛ የሚላክ አንድ የእንግሊዝኛ ሪፖርት። ከሁሉም ላይ የሰው ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ቁጥር አንሥቼ በሌላ ተክቻለሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛን ሠራተኞች ስምና ደመወዝ የትም መለጠፍ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ሕግም አለበት።

የምፈትናቸው አራት ናቸው። ሁለቱ ነፃ፣ በብራውዘር የሚከፈቱ፤ «ሀ» እና «ለ» ብያቸዋለሁ። ሁለቱ የሚከፈልባቸው፣ ከነወርዱና ከነኤክሴሉ ወይም ከመሰል ፕሮግራም ውስጥ የተሰካ ረዳት ያላቸው፤ እነሱ «ሐ» እና «መ» ናቸው። በስማቸው ያልጠራኋቸው በምክንያት ነው። እነዚህ ነገሮች በየወሩ ይለወጣሉ፣ ዛሬ የወደቀው በጥር ሊያልፍ ይችላል። ይህን የሚያነብ ሰው ጥያቄዎቹን ወስዶ በራሱ ቢሮ ቢሞክራቸው ከእኔ ውጤት ይልቅ እነሱ ይጠቅሙታል።

ሰኞ ከሰዓት፣ ዋጋ

ስለ ዋጋው በይፋ የሚታወቀውን ላስፍር። ማይክሮሶፍት ለድርጅቶች የሚሸጠው ኮፓይለት የተባለ የኤአይ ረዳት በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብ ለአንድ ሰው በወር 30 ዶላር ነበር፤ ይህም በመደበኛው የማይክሮሶፍት 365 ክፍያ ላይ የሚታከል ነው። ለአንድ ሠራተኛ በዓመት 360 ዶላር ማለት ነው። ጎግል በበኩሉ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀሚናይ የተባለውን ረዳቱን ለብቻው መሸጡን ትቶ ወርክስፔስ በተባለው የቢሮ ፕሮግራሞች ስብስብ ውስጥ አካተተው፤ ቢዝነስ ስታንዳርድ የሚባለው ፓኬጅ በዓመት ውል ለአንድ ሰው በወር ከ12 ወደ 14 ዶላር ከፍ አለ። በዚያው ወር ማይክሮሶፍትም ለግለሰብ በሚሸጠው ፓኬጅ ላይ በወር 3 ዶላር ጨምሮ ኮፓይለትን በወር በተወሰነ ክሬዲት፣ ማለትም በአጠቃቀም ኮታ፣ አስገብቶበታል። የቤተሰብ ፓኬጅ የገዛ ሰው ማወቅ ያለበት ነገር አለ፦ ረዳቱ የሚሠራው ለከፋዩ ብቻ ነው፣ ፓኬጁን ለሚጋሩት አይሠራም።

እኛ ዘንድ ከዋጋው እኩል የሚከብደው አከፋፈሉ ነው። የብር ካርድ እነዚህ ድረ ገጾች ላይ አይሠራም፤ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ወይም በዶላር የተሞላ ካርድ ያስፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተተወ ወዲህ ደግሞ በዶላር የተያዘ በጀት በብር ሲሰላ በየወሩ ሌላ ቁጥር ነው። ስለዚህ ለሁሉም ሠራተኛ መግዛት የሚለውን አማራጭ ገና ከጅምሩ ሰረዝኩት። ጥያቄው ለማን ይገዛ፣ ለምን ሥራ ይገዛ የሚለው ሆነ።

ማክሰኞ፣ ፔሮል

ዋናው ፈተና ይህ ነው፤ ጊዜም የሰጠሁት ለዚህ ነው። ለአራቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ ሰጠኋቸው፦ «በኢትዮጵያ የወር ደመወዙ 12,500 ብር የሆነ የግል ድርጅት ሠራተኛ የሥራ ግብሩና የተጣራ ደመወዙ ስንት ነው?»

ትክክለኛው መልስ ይታወቃል። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ እስከ 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ በየእርከኑ 15፣ 20፣ 25፣ 30 በመቶ እያለ ሄዶ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። 12,500 ብር የሚያርፈው 30 በመቶው እርከን ላይ ነው። በአቋራጩ 30 በመቶውን አስልቶ 1,350 መቀነስ ነው፦ 3,750 ሲቀነስ 1,350፣ ግብሩ 2,400 ብር። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ 875 ብር። የተጣራው 9,225 ብር።

«ሀ» ግብሩን 2,875 አለ። ቁጥሩን እንዳየሁት የሒሳብ ባለሙያዋን ጠራኋት። አንድ ጊዜ ተመልክታ፣ «ይሄማ የድሮው ሠንጠረዥ ነው፣ ሐምሌ ላይ ተቀየረ እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ከ10,900 ብር በላይ 35 በመቶ ተሰልቶ 1,500 ሲቀነስ ልክ 2,875 ይመጣል። ረዳቱ ሒሳቡን አልሳተም፤ የተማረው ጽሑፍ በአብዛኛው የድሮውን ሕግ የሚያወራ ስለሆነ የድሮውን ሕግ በትክክል ሠራ። «ለ» ደግሞ አዲሱን ሠንጠረዥ ያውቃል፣ ግን እርከን በእርከን ማስላቱን ትቶ ሙሉውን ደመወዝ በ30 በመቶ አባዝቶ 3,750 ቆረጠበት። ሠራተኛው በወር 1,350 ብር ያለአግባብ ይወሰድበት ነበር።

የሚከፈልበት «ሐ» ያሳየኝ ነገር ይበልጥ አሳሰበኝ። ፔሮሉን ከፍቼ «የግብር ዓምዱን ሙላልኝ» ስለው ከላይ እስከ ታች በሚያምር ፎርሙላ ሞላው፤ አሠራሩ ንጹሕ ነው፣ ሠንጠረዡ ግን ያው የ2008ቱ ነው። በነፃው ቢሆን አንድ ሰው አንድ ቁጥር ኮፒ ሲያደርግ ሊጠራጠር ይችላል። እዚህ ግን ስሕተቱ የሠራተኛውን ሁሉ መስመር በአንድ ጊዜ ሞልቶ፣ በቢሯችን ቅርጸት፣ በሁለት አሐዝ ሳንቲም ተስተካክሎ ተቀመጠ። ለፊርማ የሚቀርብ ይመስላል።

ከሰዓት በኋላ አካሄዱን ቀየርኩ። የግብር እርከኖቹን ራሴ በአንድ የተለየ ሺት ላይ ጻፍኩ፦ የእርከኑ መነሻ፣ በመቶኛው፣ ተቀናሹ። ከዚያ «ከራስህ እውቀት ምንም አትጨምር፣ ከዚህ ሺት ብቻ አንብበህ ዓምዱን ሙላ» አልኩ። የሚከፈልባቸው የዋጋቸውን ያህል የሠሩት እዚህ ላይ ነው። «ሐ»ም «መ»ም ደመወዙን በሠንጠረዡ ውስጥ ፈልጎ እርከኑን የሚያገኝ ፎርሙላ ሠሩ፤ ቁጥሮቹ ፎርሙላው ውስጥ አልተቀበሩም፣ ሕጉ ነገ ቢቀየር የሚነካው ያ ሺት ብቻ ነው። ሴሉን ስትጫነው ከየት እንዳመጣው ይታያል። «ሀ» እና «ለ»ም ፎርሙላውን በትክክል ጻፉልኝ፣ ግን ኮፒ አድርጌ ስለጥፈው የሴሎቹን አድራሻ በእጅ ማስተካከል ነበረብኝ።

ከዚህ ያገኘነው የቢሮ ደንብ አንድ ነው፦ የሕግ ቁጥር ከረዳቱ አይጠየቅም፣ ለረዳቱ ይሰጠዋል።

ረቡዕ፣ ቀንና ሰዓት

የኪራይ ውሉ «ከመስከረም 1 ቀን 2017 እስከ ጳጉሜን 5 ቀን 2017» ይላል። ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሱትና ቀኑን እንዲቀይሩ ጠየቅኋቸው። መልሱ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 እስከ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2025 ነው። ሦስቱ አገኙት። አንዱ ጳጉሜንን ወደ ነሐሴ ጠቅልሎ የውሉን ማብቂያ አሳጠረው፤ ተከራይ ላይ ቢደርስ ክርክር የሚያስነሣ ነው።

ቀጥሎ ከባዱን ሰጠሁ፦ መስከረም 1 ቀን 2016። በ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች አዲሱ ዓመት የገባው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው። እዚህ አብዛኞቹ ሴፕቴምበር 11 ብለው ወደቁ፤ ከከፈልንባቸውም አንዱ አብሮ ወድቋል። «ጳጉሜን ስንት ቀን እንደነበረች መጀመሪያ ንገረኝ፣ ከዚያ ቀይር» ስል ግን ተስተካከሉ። ይህን አረፍተ ነገር የቢሮው መጠየቂያ ዝርዝር ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

የገቢ ደብዳቤው አናት ላይ «05/01/2018» ተብሎ ተጽፏል። ዓ.ም የሚለው ከጎኑ ስላልነበረ አንዱ ጃንዋሪ 5 ቀን 2018፣ ሌላው ሜይ 1 ቀን 2018 አደረገው። መስከረም 5 መሆኑን ከደብዳቤው አማርኛነት ተነሥቶ የጠረጠረ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ነፃው «ለ» ነው። ስብሰባ ጥሪው ላይ ያለው «ከጠዋቱ 3፡30» ደግሞ በሁለቱ ዘንድ ከሌሊቱ 9፡30 ሆኖ፣ ማለትም በፈረንጅ አቆጣጠር 3፡30 እንዳለ ተወስዶ፣ ካላንደር ላይ ሊገባ ቀረበ። ከአውትሉክ ወይም ከጎግል ካላንደር ጋር የተያያዘ ረዳት ባለበት ቢሮ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ግብዣው በቀጥታ ለደንበኛ ይላካልና።

እዚህ ላይ ነው ዋጋና አማርኛ አብረው እንደማይሄዱ በደንብ የገባኝ። ብሩ የሚገዛው ረዳቱ ሰነዱ ውስጥ እንዲገባ ነው። አገራችንን እንዲያውቅ አያደርገውም።

ረቡዕ ማታ

የድሮ ፋይሎችን ለመፈተን ሞክሬ ነበር። ማኅደራችን ውስጥ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ብዙ የወርድ ሰነዶች አሉ። ስክሪኑ ላይ አማርኛ ይነበባል፣ ፋይሉ ውስጥ ያለው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ ፊደል የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ረዳቶቹ የሚያነቡት ውስጡን ስለሆነ አራቱም «ሰነዱ የተበላሸ ነው» ከማለት አላለፉም። አንዱ እንዲያውም ያላነበበውን ደብዳቤ ጠቅለል አድርጎ ሊያስረዳኝ ሞከረ። ፋይሉን መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ በመለወጫ ማሳለፍ ግድ ነው፣ ሌላ መንገድ የለም። ብዙ የቆየ ማኅደር ያለው መሥሪያ ቤት ለረዳት ከመክፈሉ በፊት ለዚህ ሥራ ቢከፍል ይሻለዋል።

ሐሙስ፣ ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ

ደብዳቤ ላይ ያለ ናሙና ስትጠይቃቸው አራቱም ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ሰላምታ ይዘው ይመጣሉ። ቁጥርና ቀን የለም፣ ጉዳዩ የለም፣ ግልባጭ የለም። «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ «ትችላለህ» የሚል አለ። ወይዘሮ ተብላ የተጠራች ሴት ወረድ ብሎ «እሱ» ሆናለች።

ጸሐፊያችን ግን መፍትሔውን ከእኔ በፊት አገኘችው። ራሷ ከዚህ በፊት የጻፈቻቸውን ሁለት ወጪ ደብዳቤዎች ስም አውጥታ ለጠፈችና፣ «በዚህ አካሄድ ጻፍ፣ ለአክብሮት እስከ መጨረሻው በእርስዎ ሂድ» አለችው። ነፃው «ለ» «በቀን 05/01/2018 ዓ.ም በቁጥር… በተጻፈ ደብዳቤ እንደተገለጸልን» ብሎ ጀምሮ «ከሰላምታ ጋር» እስኪል ድረስ የቢሮ ደብዳቤ የሚመስል ደብዳቤ ሰጣት። የሚከፈልባቸው በዚህ ሥራ አልበለጡትም። «መ» ወርድ ውስጥ ስላለ በራሳችን ሌተር ሄድ ላይ በቀጥታ ይጽፋል፣ ይህ ምቾት ነው፤ አማርኛው ግን ያው ነው።

ቃለ ጉባኤው ላይ ግን አጥብቄ የማስጠነቅቀው ነገር አለ። አራተኛው አጀንዳ የመኪና ግዥ ነበር፤ የተጻፈው «ተጨማሪ ሦስት ዋጋ ማቅረቢያ ተሰብስቦ በቀጣዩ ስብሰባ እንዲታይ ተወስኗል» የሚል ነው። ሁለት ረዳቶች በአንድ መስመር ሲያጠቃልሉት «የመኪና ግዥ ተወስኗል» አሉ። አንዱ ነፃ፣ አንዱ የሚከፈልበት። ስብሰባው ያልወሰነውን ግዥ ወስኗል የሚል ማጠቃለያ ለፋይናንስ ቢደርስ ምን እንደሚከተል ማሰብ አያዳግትም። ከዚያ በኋላ «እያንዳንዱን ውሳኔ ከቃለ ጉባኤው ቃል በቃል ጥቀስ፣ አጀንዳ ቁጥሩን አስቀምጥ» ስንል ስሕተቱ ጠፋ፤ ማጠቃለያው ረዘም አለ፣ ግን ከዋናው ጋር ማመሳከር የደቂቃ ሥራ ሆነ።

አንድ የነፃዎቹ ገደብም እዚሁ ወጣ። ረዘም ያለውን ቃለ ጉባኤ ሁለቴ ካስነበብኩ በኋላ «ሀ» የዕለቱ ገደብህ አልቋል አለኝ። አማርኛ ቶሎ ኮታ ይጨርሳል። ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ-8 በተባለ ኮድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ሲይዝ የላቲኑ 1 ባይት ነው፣ ከረዳቶቹ ጀርባ ያሉት ሞዴሎችም ቃላችንን ከእንግሊዝኛው ይበልጥ ብዙ ቦታ ይቆራርጡታል። ስለዚህ ያው ርዝመት ያለው ሰነድ በአማርኛ ሲሆን ከገደቡ ላይ የበለጠ ይወስዳል። የአማርኛ ሰነድ በብዛት የሚያስነብብ ሰው ለመክፈል አንድ ተጨባጭ ምክንያት አለው፣ እሱም ይህ ነው።

ዓርብ፣ የእንግሊዝኛ ሪፖርቱ

እዚህ ላይ ክርክር የለም፣ የሚከፈልባቸው አሸንፈዋል። ከኤክሴሉ ሠንጠረዥ ተነሥቶ የሪፖርቱን የመጀመሪያ ረቂቅ ማውጣት፣ ያለፈውን ዓመት ሪፖርት እንደ አቀራረብ መከተል፣ ከኢሜይል ውስጥ ደንበኛው የጠየቀውን ነጥብ ፈልጎ ማስገባት፤ ይህን ሁሉ ከአንድ ቦታ ሠሩት። አማካሪያችን ብዙ ሰዓት የሚወስድባትን ረቂቅ ከምሳ በፊት ጨርሳ ቀሪውን ጊዜ ቁጥሮቹን ለማጣራት ተጠቀመችበት። በነፃው ይህን ለመሥራት የደንበኛን ሰነድ ቆርጦ ቆርጦ ውጭ መለጠፍ ያስፈልጋል፤ እሱን ደግሞ አንፈልግም።

ስለ መረጃ አያያዝ አቅራቢዎቹ የጻፉትን በድጋሚ አነበብኩ። ማይክሮሶፍት በድርጅት ኮፓይለት የሚገባውን ጥያቄና ሰነድ መሠረታዊ ሞዴሎቹን ለማሠልጠን አይጠቀምበትም። ጎግልም የወርክስፔስ ደንበኞችን መረጃ ያለ ፈቃድ ከድርጅቱ ውጭ ለሚያገለግል ሞዴል ማሠልጠኛ አያውለውም። በግል አካውንት የሚከፈተው ነፃ ጀሚናይ ላይ ግን ከንግግሮቹ የተወሰኑትን ሰዎች ሊያነቡ እንደሚችሉ ጎግል ራሱ ያስጠነቅቃል። ቻትጂፒቲ ላይ ለሥልጠና መዋሉን ከሴቲንግ ማጥፋት ይቻላል፤ ሳያጠፋው የሚጠቀመው ሰው ግን ብዙ ነው። ለእኛ ዓይነት ቢሮ ክፍያው የሚገዛው አንዱ ትልቅ ነገር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን

ክፍያ ሁሉን አይዘጋም ግን። «ሐ»ን በአንዲት ጀማሪ ሠራተኛ አካውንት ከፍተን «የቢሯችን የደመወዝ እርከን ምን ይመስላል?» ብለን ጠየቅን። የአምናውን የደመወዝ ፋይል አውጥቶ ዘረዘረው። ረዳቱ የሚያየው ሠራተኛው እንዲያይ የተፈቀደለትን ብቻ ነው፤ ያ ፎልደር ግን ከዓመታት በፊት ለሁሉም ተከፍቶ የቀረ ነው። እስከ ዛሬ ማንም የት እንዳለ ስለማያውቅ አልተነካም። አሁን በአንድ ጥያቄ የሚወጣ ሆነ። ምሳ ሰዓትን ጨምሮ የፎልደር ፈቃድ ስናስተካክል ዋልን። መክፈል ያሰበ ድርጅት ይህን ሥራ ከግዥው በፊት ይሥራ።

ሰኞ

በራሳችን ኮምፒውተር ላይ የሚጫን፣ ኢንተርኔት የማይፈልግ ነፃ ሞዴልም ሞከርኩ። 16 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ በዝግታ ይሠራል፤ መረጃው ከቢሮ አይወጣም፣ መብራት ኖሮ መስመር በጠፋ ቀንም ያገለግላል። እንግሊዝኛው ደህና ነው። አማርኛው ግን ለደብዳቤ የሚሆን አይደለም። በዚህ መጠን ያሉ ሞዴሎች አማርኛ እንዲችሉ በጣም እመኛለሁ፣ ምክንያቱም ዶላርም ካርድም ሳይጠይቅ መረጃችንን ከቢሮ የማያስወጣ መንገድ ይሄ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ለሥራ አስኪያጁ የቀረበው

ሁለት ገጽ ማስታወሻ ጽፌ ሰጠሁ። የሚከፈልበት ረዳት ለሁለት ሰው ይገዛ፦ የእንግሊዝኛ ሪፖርት ለምትጽፈው አማካሪና ለሒሳብ ባለሙያዋ። ክፍያው ወር በወር ይሁን፣ የዓመት ውል አንግባ። ሌላው ሠራተኛ በነፃው ይቀጥል፤ ስም፣ መለያ ቁጥርና ደመወዝ ያለበት ነገር ግን እንዳይለጥፍ በጽሑፍ ይነገረው። አማርኛ ደብዳቤ በጸሐፊያችን ናሙና ይረቀቅ፣ እሷ ሳታየው አይውጣ። የግብር ሠንጠረዡ ሺት ይቆለፍ፣ የሚነካው አንድ ሰው ይሁን። ቀንና ሰዓት ያለበት ማንኛውም ነገር ከመላኩ በፊት በሰው ይመሳከር።

ሥራ አስኪያጁ አንብበው፣ «ሦስተኛ ሰው ብንጨምርስ፣ ጸሐፊዋስ?» አሉኝ። እሷ የምትሠራው በአማርኛ ስለሆነ ለአሁኑ ነፃው እኩል እንደሚያገለግላት አስረዳኋቸው፤ ኮታው ካስቸገራት በኅዳር እናየዋለን ተባብለን ፈረሙበት። የፈተና ሰነዶቹና ጥያቄዎቹ አንድ ፎልደር ውስጥ ተቀምጠዋል፤ በጥር የሒሳብ ባለሙያዋ በድጋሚ ታስኬዳቸዋለች፣ 12,500 ብሩን አስቀድማ።